እሳቸው ወንድ ናቸው ሴት?

ይገዙ ለመጠርጠር ደሞዝ ይከፈለዋል። በአንድ አየር መንገድ ጭነት ክፍል ውስጥ ዕቃዬ ጠፋ፣ ተሰበረ፣ ረጠበ እያለ የሚመጣውን ሰው ተቀብሎ፣ እውነቱን ነው ወይስ እየዋሸ ብሎ የሚለየው እሱ ነው። ናይሮቢ ከገባ ጀምሮ የሠራው ይህንኑ ስለሆነ ሙያው ወደ ቤቱም ተከትሎት ገብቷል። አትክልት የምትሸጥለት ሴትዮ አንድ አቮካዶ ስትመርቅለት «ምኑ ቢበላሽባት ነው?» ብሎ ያገላብጠዋል። ሰላምታውን ያስረዘመ ጎረቤት አንድ ጉዳይ አለው። ይህን ስል ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈራቸው ያለ ሐበሻ ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚደውለው ለይገዙ ነው። ከመምጣቱ በፊት ጥያቄ ያበዛል እንጂ ሳይመጣ አይቀርም።

የፊልሙንም ማስታወቂያ ያየው በዚሁ ዓይኑ ነው። ልጁ አቢግያ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«ዳዲ፣ ያንተ ቡክ እኮ ፊልም ሆነ። ሰንደይ ኪሌሌሽዋ ያሳዩታል። ቲኬት ልቁረጥ?»

«ያንተ ቡክ» ያለችው «የማዕድ እንግዳ» የሚባለውን ልብ ወለድ ነው። ይገዙ ስልኩን ተቀብሎ ፖስተሩን አጎላው፣ መልሶ አሳነሰው። ረጅም ገበታ ይታያል፣ ዙሪያውን ወንበር፤ ሰው ግን የለም።

«ማነው ያሠራው?»

«ልጆች ናቸው። እዚሁ ናይሮቢ ነው ሹት ያደረጉት።»

«ልጆች ብሩን ከየት አመጡት?»

አቢግያ ከንፈሯን ገልበጥ አድርጋ ሦስት ቲኬት ቆረጠች። እዚሁ አገር ያደገች ልጅ ናት፤ አባቷ የሚጠይቀው ሁሉ መልስ እንደማይፈልግ ከገባት ቆይቷል።

መጽሐፉ ስሟ ስለማይጠራ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ለየቤቱ አንድ አንድ እንግዳ ይመደባሉ። እንግዳ አይሳደቡም፣ አይማቱም። ገበታው ራስጌ ተቀምጠው ይመርቃሉ፣ ይበላሉ፣ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ የሰሙትን ሄደው ለቢሮው ይናገራሉ። ቢሮው የት እንዳለና ማን እንደሚቀመጥበት ደራሲው አይነግረንም። የቤቱ ሰዎች ቀስ በቀስ ስለ ዝናቡና ስለ ወጡ ብቻ ማውራት ይለምዳሉ፤ እያደር ስለ ወጡም መናገር ይፈራሉ። መጨረሻ ላይ ትንሿ ልጃቸው «እምቢ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ሳትሰማ አድጋ ትገኛለች።

ይገዙ ይህን መጽሐፍ ያገኘው ተማሪ ሳለ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው። አንብቦ እንደጨረሰ ዓይኑን ለጣለባት ለሙሉመቤት አዋሳት። ስትመልስለት «አሁን ይሄን ከየት ገዝቼ ነው ደግሜ የማነበው?» አለችው። «ምን ትገዢዋለሽ፣ አብረን እናነበዋለን» አላት፤ ሳቀች፤ ተጋቡ። መጽሐፉ ይኸው ሽፋኑ ተልጦ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አለ። ሁለቱም እየደጋገሙ አንብበውታል፤ ግን አብረው አንድም ቀን አላነበቡትም።

ሰሞኑን በቤቱ ውስጥ ከፊልም የሚበልጥ ጉዳይ ነበር። የይገዙ እናት እትዬ ውዴ አዲስ አበባ ብቻቸውን ቀርተዋል። አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት እህታቸው በፋሲካ ሰሞን አረፉ። እሳቸውም ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ይገዙ እናቱን እንደ ድሮው ናይሮቢ ሊያመጣቸው ይፈልጋል። እንደ ድሮው ማለቴ፣ አቢግያ ትንሽ ሳለች እትዬ ውዴ መጥተው ልጅቷ ኮረዳ እስክትሆን ድረስ እዚሁ ቤት ስለኖሩ ነው። ሐሳቡን ለሚስቱ ሲያማክራት «እናያለን» አለችው። ሳምንት አሳልፎ ደገመላት። «እናያለን ብዬህ የለም?» አለችው።

«እናያለን»ን ይገዙ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጭነት ክፍል እሱ ራሱ ለስንቱ ይለዋል። ትርጉሙ «አይሆንም» ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነግርህም ማለት ነው። ያስጨነቀው ይኸው ምክንያት ነበር። ሚስቱና እናቱ አንድም ቀን ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ታዲያ ሙሉ ምን ይዛባት ነው? በዚህ ላይ እናቱ ብቻዋን ወድቃ፣ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ በዓይነ ሕሊናው እየመጣ እንቅልፍ ነሳው። ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱንም እንደ ልማዱ ወደ ጥርጣሬ ቀየረውና ሚስቱን በጎን በጎኑ ማየት ጀመረ።

እሁድ ከሰዓት ሦስቱም ኪሌሌሽዋ ሄዱ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ግማሹ ሰው ይተዋወቃል። ፊልሙ ሊጀምር ሲል የረጂዎቹ አርማ ተራ በተራ ሸራው ላይ መጣ፤ አንዱ ስለ ሴቶች የሚሠራ ድርጅት ነበር። ይገዙ ወደ ሚስቱ ጆሮ ዘንበል አለ።

«አየሽ? ውሻ በበላበት ይጮሃል። ጠብቂ፣ አንድ ነገር አበላሽተዋል።»

ሙሉመቤት ፊቷን ወደ ሸራው መለሰች።

እውነት ለመናገር ጅምሩ አላሳፈረም። ገበታው ልክ ነው፤ የልጅቷ አበላል፣ የአባትየው ሳቅ ሁሉ ልክ ነው። ይገዙ ሳይወድ በግዱ ልቡ ራራ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ የቤቱ ሰዎች ቆመው ተቀበሉ፣ አንዲት አሮጊት ገቡ። ሻሻቸውን ግጥም አድርገው አስረዋል፤ ነጠላቸው ንጹሕ ነው። ይገዙ የእንግዳው ሚስት መሰሉት። ሰውዬው ከኋላ እስኪገቡ ጠበቀ። በሩ ተዘጋ። አሮጊቷ ሄደው ራስጌ ላይ ተቀመጡና የቀረበላቸውን ብርጭቆ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ውሃ ጠጡ።

«ሴት አደረጓቸው!» አለ ይገዙ፣ ድምፁን ሳይቆጥብ። ከፊት ያሉት ዞረው አዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በመጽሐፉ ውስጥ እንግዳ ስም የላቸውም፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «እሳቸው» ናቸው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ መረቁ፣ አዳመጡ ይላል እንጂ ሌላ ምልክት የለም። አማርኛችን ሰውን ሲያከብር ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም። ደራሲው ይህችን ይዞ ተጫውቶብናል። በይገዙ ጭንቅላት ውስጥ እንግዳ ባርኔጣ የደፉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚስሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ መጽሐፉ ሲያወራም «ሰውዬው» ነው የሚለው። ይኸ አቮካዶ ሳይቀር የሚጠረጥር ሰው ይህችን አንዲት ነገር ሳይጠረጥራት ፀጉሩ ሸበተ።

በጨለማው ውስጥ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እንደ እሱ ተናዳለች ብሎ ነበር። ሙሉመቤት አልተናደደችም፣ አልደነገጠችምም። የምታውቀው ሰው መንገድ ላይ እንደገጠማት ሁሉ ዝም ብላ ታያለች። በሌላው ጎኗ አቢግያ «ማሚ፣ ሾሾን አትመስልም? ብርጭቆውን ስትጠርግ» አለቻት። ሾሾ የምትላቸው አያቷን ነው፤ የናይሮቢ ልጆች እንዲያ ነው የሚሉት። ሙሉመቤት የልጇን ጉልበት ጫን አደረገችው። ይገዙ ይህንንም አየ። የቀረውን ፊልም ያየው ለስሙ ነው፤ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ነበር።

መብራት ሲበራ ዳይሬክተሩ ዮአብ ማይክ ይዞ ወጣ። ጢሙ ገና ያላማረለት፣ ትሑት ልጅ ነው። ይገዙ ቀድሞ እጁን አወጣ።

«ልጄ፣ ደክማችኋል፤ እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ ሲጀምር የሚያውቁት ሁሉ ይጠነቀቃሉ። «ግን ሰውዬውን ምን በደሉህና ነው ሴት ያደረግሃቸው? ያ አርማው የታየው ድርጅት ነው ያዘዘህ?»

ሰው ሳቀ። ዮአብም ሳቀ።

«ጋሼ፣ ማንም አላዘዘኝም። እንደውም እነሱ ሽማግሌ ይሁን ብለውኝ ነበር። መጽሐፉ ላይ «ሰውዬው» የሚል አንድ ቦታ ያሳዩኝና ፊልሙን እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

«ይታወቃል እኮ! ማን ሴት ናቸው ብሎ ያነበበ አለ?»

ልጁ ማይኩን ወደ ሰዉ አዞረና ሴት አድርገው ያነበቡ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቀ። እዚህም እዚያም ጥቂት እጅ ወጣ፤ አብዛኛው ያገቡ ሴቶች እጅ ነበር። ይገዙ ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ከጎኑ የሙሉመቤት እጅ ብዙ ከፍ ሳይል፣ እስከ ትከሻዋ ድረስ ተነስቷል።

ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም።

መኪና ውስጥ አቢግያ ነገሩን ልታቀልለት ሞከረች። «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ የእንግሊዝኛው ሳብታይትል ላይ ‹ሺ› ከሚሉ ‹ዘይ› ቢሉ ያልቅ ነበር። እኛ ጋ እኮ ኖርማል ነው።» አባቷ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ላቪንግተን ጓደኛዋ ቤት በር ላይ አወረዷት፤ እሷም በመውረዷ ደስ ያላት መሰለች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ምባጋቲ መንገድ ላይ አንድ ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሊጨፈልቃቸው ደርሶ ሲያልፍ እንኳ ይገዙ እንደወትሮው አልተሳደበም።

ቤት እንደገቡ በቀጥታ ሄዶ መጽሐፉን አወረደ። ቆሞ ያገላብጥ ጀመር፤ «ሰውዬው» የሚል ይፈልጋል፤ ካልሆነም ጢም፣ ከዘራ፣ ባርኔጣ። ሙሉመቤት ከበረንዳው የደረቀ ልብስ ሰብስባ መጥታ ሶፋው ላይ እያጠፈች ተቀመጠች። ቆይቶ መጽሐፉን ዘጋው። ባርኔጣው የለም። ባርኔጣውን ያጠለቀላቸው እሱ ራሱ ኖሯል።

«መቼ ነው ሴት ያደረግሻቸው?» አላት።

«እኔ አላደረግኋቸውም። መጀመሪያ ሳነበው ለኔም ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ቤት የሚመጡ አንድ የቀበሌ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውን ይመስሉኝ ነበር።» አንድ ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች። «እናትህ በመጡ በዓመታቸው ደግሜ ሳነበው መልካቸው ተለወጠብኝ። ሻሽ አሰሩ።»

«እናቴን ነው ሰላይ የምትያት?» አለ። «አቢጊን ያሳደገችልሽን? እንደልጇ የምታይሽን?»

ልብ አድርጉ፤ ይገዙ ለእናቱ «አንቺ» ነው የሚለው። ልጅቷም አያቷን «አንቺ» ትላለች። በዚያ ቤት እትዬ ውዴን «እሳቸው» የምትል አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ገበታ ላይ አፏን ጠብቃ የምትናገርም እሷው ብቻ ነበረች። ይገዙ «እሳቸው» የሚለውን ቃል አለቆቹንና ቄሶቹን አልብሶ ኖረ እንጂ እናቱን አልብሷት አያውቅም።

«እናትህን ሰላይ አላልኩም» አለች ሙሉመቤት። «ደግ ሰው ናቸው። ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ሲጠየቁ። መጽሐፉም ላይ እንግዳ ክፉ አይደሉም እኮ። ጠያቂ ባይኖር ምን ይናገሩ ነበር?»

ይገዙ ጠያቂው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ገና እንዳልገባው ሰው ግን መጽሐፉን መልሶ ገለጠ።

«ከሥራ ስትመጣ ቦርሳህን እንኳ ሳታስቀምጥ እሳቸው ክፍል ትገባለህ። በሩን ትዘጋለህ።»

«ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስለምትውል ላጫውታት ነዋ!»

«ብቻቸውን አልነበሩም ይገዙ። ከኔ ጋር ነበሩ።»

ሙሉመቤት ልብሱን ተወችው።

«የዚያ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሊቀጥሩኝ ሲሉ? ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእህቴ በስልክ ብቻ ነግሬያታለሁ። ላንተ ዓርብ ዕለት ምሳ ጋብዤህ፣ ደስ ብሎኝ፣ እኔው ራሴ ልነግርህ ነበር። ለእህቴ በነገርኳት ቀን ማታ፣ እራት ላይ ‹የማስተማሩ ነገር ይቆይ፤ አቢጊ ገና ልጅ ናት› አልከኝ። እንጀራውን ሳታነሳ ነው ያልከኝ። እኔ ገና ምንም አላልኩህም ነበር።»

ይገዙ ትዝ ይለዋል። መብቱን ያስከበረ መስሎት እንደነበርም ትዝ ይለዋል።

«ከዚያ ወዲያ ስልክ ሳወራ ስለ ዝናብ ነው የማወራው። እንዴት ዋልሽ ብለህ ሳትጠይቀኝ በፊት እንዴት እንደዋልኩ ታውቀው ነበር። ደግሞ አውቀህም ትጠይቀኛለህ። ‹ዛሬ ማን ደወለ?› ትለኛለህ። እውነቱን እናገር እንደሆን ልታይ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ነገር ሲያጣራ የኖረ ሰው ስለ ራሱ ያልሰማው ይህንን ነበር። አውቆ መጠየቅ የጭነት ክፍል ብልሃት ነው። ዕቃው ደረቅ መሆኑን እያወቅህ «ዕቃው የረጠበው የት ነው?» ትለዋለህ፤ ሰውዬው ራሱን ይጠልፋል። አለቆቹ ስለዚህ ብልሃቱ አመስግነውታል፤ አዳዲስ ሠራተኞችንም ያስተምርበታል። ሚስቱን በዚህ ሲመዝናት እንደኖረ ግን አልታወቀውም ነበር። አፈረ።

«ታዲያ ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ለማን? ለቢሮው?» አለች ሙሉመቤት። አልተቆጣችም፤ ይህ ነው የባሰበት። «ፊልሙ ላይ ቢሮውን ሳያሳዩት ቀሩ። አንተ ደግሞ የተናደድከው በእንግዳ መልክ ነው። እኔ የቢሮውን መልክ አውቀዋለሁ።»

ውጪ የግቢው አስካሪ፣ ዘበኛው፣ ለአንድ መኪና በር ሲከፍት ብረቱ ተንጓጓ። ይገዙ ሊጠይቃት የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ አፉ ድረስ ደርሶ ግን ጥያቄ ሆኖ መውጣቱን ፈራው። ሙሉመቤት ቀደመችው።

«እናትህ ይምጡ። እናያለን ያልኩህ እሳቸውን ፈርቼ አይደለም። አሁን በዚህ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ቢወድቁ እኔስ እንዴት እኖራለሁ? የፈራሁት ያንን በር ነው፣ ከውስጥ የምትዘጋውን።»

ይገዙ ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። ደጋግሞ ጠርቶ ተነሣ። እትዬ ውዴ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«እ? ምራቴ ምን አለች?»

ለአፍታ አፉን ከፈተ። መልሱ በእጁ ነበር፤ እንደ ድሮው ራሱ አሳምሮና አሳጥሮ ሊያቀብላቸው ይችላል።

«እዚሁ አጠገቤ ናት እማዬ» አላቸው። «ራስሽ ጠይቂያት።»

ስልኩን ለሙሉመቤት ሰጥቷት ወጣ። በረንዳው ላይ ቢቆም ይሰማል፤ ደረጃው ላይም ይሰማል። ግቢውን አልፎ አስካሪውን ሰላም ብሎ፣ ማታቱዎቹ ጡሩምባቸውን ከሚያንባርቁበት አስፋልት ዳር ሄዶ ቆመ። ያለ ጉዳይ መቆም የማያውቅ ሰው ነውና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዱ የማታቱ ረዳት ልጅ «ታውን? ታውን?» እያለ ወደ መሃል ከተማ ሊያሳፍረው ጎተተው። አልሄድም፣ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት አለው፤ ልጁ አላመነውም።

እትዬ ውዴ ወሩ ሳይሞላ መጡ። ያን ዕለት ምራትና አማት በስልክ ምን እንደተባባሉ ይገዙ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ አንዳንዴ ለመጠየቅ አፉን ይበላዋል። ሙሉመቤት ሰሞኑን የሆነ ቦታ ሥራ ሳትጠይቅ አልቀረችም፤ እሱ ግን ይህን ከማንም አልሰማም፣ ከአለባበሷ ጠርጥሮ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሁለቱን ሳሎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ ያገኛቸዋል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ዝም ይላሉ፤ እሱም ምን እያላችሁ ነበር አይልም።